መንዙማው መሀል ላይ እንዳይቆረጥ፦ በኢኤስፒ32 ሚሞሪ ካርድ ላይ ድምፅ በአስተማማኝ ሁኔታ መቅዳት

ሰላም እንዴት ናችሁ። ይሄ ፅሁፍ ወሎ ውስጥ ሆናችሁ ወይ ወሎ ደርሳችሁ ድምፅ መቅዳት ለምትፈልጉ ነው፣ ማለትም ሐድራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚባለውን መንዙማ፣ ላሊበላ ገና ለት ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ የሰርግ ዘፈን፣ የባቲን የሰኞ ገበያ ግርግር፣ ወይ ደግሞ የአያቶቻችሁን ወግ፣ በገዛ እጃችሁ በሰራችሁት ትንሽ መሳሪያ ለመቅዳት ለምታስቡ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩ ልጆችም ለፕሮጀክት ብትይዙት ጥሩ ነገር ነው።

ስልክም ይቀዳል፣ አውቃለሁ። ግን ስልክ ይደወልበታል፣ ቻርጁ ያልቃል፣ ባለቤቱም ይፈልገዋል፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ምሰሶ ላይ አንጠልጥለኸው ረስተኸው መቀመጥ አትችልም። ኢኤስፒ32 የሚባለው ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ቦርድ፣ አንድ ማይክና አንድ ሚሞሪ ካርድ ግን ይሄን ይችላሉ፣ በደንብ ከተሰሩ። ችግሩ ያለው "በደንብ ከተሰሩ" የምትለዋ ላይ ነው ምክንያቱም ጠረጴዛ ላይ ሁለት ደቂቃ የሚሰራ ነገር መስራት ቀላል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይጥል የሚቀዳ ነገር መስራት ግን ሌላ ስራ ነው፣ እና አንድ ትልቅ ሼኽ ዘንድሮ ያወረዱትን መንዙማ በሚቀጥለው አመት ላናገኘው እንችላለን፣ ድጋሚ ይበሉልን ተብሎ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ለዛ ነው ይሄን ያህል የምጨነቅበት።

በመጀመሪያ ድምፁ ለምን እንደሚቆረጥ እንረዳ፣ እሱን ከተረዳችሁ ሌላው ሁሉ ራሱን ያብራራል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፅፈው ኮድ ከማይኩ ትንሽ ያነባል፣ ካርዱ ላይ ይፅፋል፣ ደግሞ ያነባል፣ ደግሞ ይፅፋል። ሲሞከር ቆንጆ ነው። ረዘም ሲል ግን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባበታል፣ ድቤው አንድ ምት የዘለለ ይመስላል፣ የአንድ ሰዓት ቅጂ ተብሎ 59 ደቂቃ ከምናምን ይሆናል። ሰው ወዲያው "ካርዱ ቀርፋፋ ነው" ብሎ የተሻለ ፍጥነት የተፃፈበት ካርድ ይገዛል፣ ግን ችግሩ አብሮት ይቀጥላል።

እስቲ እናስላው። 44,100 ሄርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ብንቀዳ በሰከንድ 88,200 ባይት ነው። ክላስ 10 የሚባለው ካርድ ደግሞ በተከታታይ ሲፃፍበት ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይችላል ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ እኛ የምንፈልገው ከመቶ አንድ እጁን እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ጉዳዩ ፍጥነት አይደለም፣ ካርዱ መሀል መሀል ላይ መቆሙ ነው። ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ፍላሽ ብቻ አይደለም ያለው፣ የራሱ የሆነ ትንሽ ኮንትሮለር አለው። ፍላሽ ላይ እንደ ወረቀት ደርበህ መፃፍ አትችልም፣ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ብሎክ ተጠርጎ ባዶ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ኮንትሮለሩ ዳታ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ያረጀውን ይጠርጋል፣ የተበላሸ ቦታ ይተካል፣ ይሄን ሲያደርግ "ቆይ ስራ ላይ ነኝ" ይልሃል። በኤስዲ ስታንዳርዱ መሰረት ኤስዲኤችሲ ካርድ (እስከ 32 ጊጋ ያለው) አንዷን መፃፍ እስከ 250 ሚሊሰከንድ ድረስ ሊያስጠብቃት ይችላል፣ ኤስዲኤክስሲ (ከ32 ጊጋ በላይ) ከሆነ እስከ 500። ብዙውን ጊዜ በጣም በአጭሩ ይጨርሳል ግን አንዳንዴ እዛ ድረስ ይሄዳል፣ መቼ እንደሚሄድም አይነግርህም። በዛች ሩብ ሰከንድ ውስጥ 22,050 ባይት ድምፅ መጥቷል፣ ማስቀመጫ ከሌለው ጠፋ ማለት ነው።

የክረምት ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ እየወረደ በርሜል ሲሞላ አስቡት። እናንተ ከበርሜሉ በጄሪካን እየቀዳችሁ ወደ ቤት ትወስዳላችሁ። ጎረቤት ጠርቷችሁ ትንሽ ብትቆዩ ዝናቡ አይጠብቃችሁም፣ በርሜሉ ግን እስክትመለሱ ይይዝላችኋል፣ ትንሽ በርሜል ከሆነ ይፈሳል። ዝናቡ ማይኩ ነው፣ ጄሪካኑ ካርዱ ነው፣ በርሜሉ ደግሞ ባፈር የምንለው ነው። የዚህ ሁሉ ፅሁፍ ዋና ነገር እሷ ናት፣ ማይኩ ካርዱን በፍፁም መጠበቅ የለበትም።

አሁን እቃዎቹ። የተለመደው አርዱዪኖ ኡኖ (አር3) ለዚህ ስራ አይሆንም፣ ጥሩ ቦርድ ስላልሆነ ሳይሆን ራሙ (ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ነው፣ ከላይ ባሰላነው 22 ኪሎባይት ጋር አስተያዩት፣ በዛ ላይ በ5 ቮልት ነው የሚሰራው፣ ሚሞሪ ካርድ ደግሞ የ3.3 ቮልት ነገር ነው። እኔ የምመክረው ተራውን ኢኤስፒ32 ነው፣ 520 ኪሎባይት ራም አለው፣ ሁለት ኮር አለው፣ ዋጋውም ከሌላው ይሻላል። አቅም ያለው ሰው ቲንሲ 4.1 ቢያገኝ በጣም ደስ ይላል፣ 1 ሜጋባይት ራም አለው የካርድ ማስገቢያውም ቦርዱ ላይ ተሰርቶ ነው የሚመጣው፣ ግን ውድ ነው እዚህ ሀገርም እንደልብ አይገኝም። ኢኤስፒ32 ስትገዙ ፒኤስራም (ተጨማሪ ራም) ያለው ካጋጠማችሁ እሱን ያዙ፣ 4 ሜጋባይት ባፈር ማለት ከ45 ሰከንድ በላይ ድምፅ ማለት ነው፣ ካርዱ ምንም ቢያስነጥሰው ግድ የላችሁም።

ማይክ ላይ አናሎግ ማይክ ገዝታችሁ በኢኤስፒ32 ኤዲሲ (አናሎጉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ለማንበብ አትልፉ፣ ኤዲሲው ጩኸታም ነው። ዲጂታል የሆነውን አይቱኤስ ማይክ (ድምፁን በቁጥር አርጎ የሚልክ) ውሰዱ፣ አይኤንኤምፒ441 የሚባለው ክብ ትንሽዬ ቦርድ ላይ የሚመጣው በብዛት አለ፣ 24 ቢት ይሰጣል፣ እስከ 120 ዴሲቤል ድረስ ይችላል፣ ድቤና ጭብጨባ ባለበት ክፍል ውስጥ ይሄ ያስፈልጋችኋል። ደሴ ፒያሳ ካሉት ሞባይል ቤቶች ሚሞሪና ፓወር ባንክ ታገኛላችሁ፣ ቦርዱንና ማይኩን ግን ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ማዘዝ ነው፣ ስታዙ ማይኩን ሁለት አርጉት፣ ትንሽ ነገር ነው ብየዳ ላይ በቀላሉ ይቃጠላል።

አገናኙን እንዲህ አርጉት፦

የማይኩ ቪዲዲ ወደ 3.3 ቮልት፣ ግራውንዱ ወደ ግራውንድ፣ ኤል/አር የሚለው ወደ ግራውንድ (ይሄ ግራ ቻናል ያረገዋል፣ እንደተንጠለጠለ አትተዉት)፣ ኤስሲኬ ወደ ፒን 26፣ ደብልዩኤስ ወደ 25፣ ኤስዲ ወደ 33።

የካርዱ ክሎክ ወደ 18፣ ሚሶ ወደ 19፣ ሞሲ ወደ 23፣ ሲኤስ ወደ 5።

ፒን 12ን ለካርድ አትጠቀሙ። ቦርዱ ሲነሳ ያችን ፒን አይቶ ነው የራሱን ፍላሽ ቮልቴጅ የሚወስነው፣ ካርድ ሞጁሉ ላይ ያለው ፑልአፕ (መስመሩን ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ ረዚስተር) ከፍ ካረጋት አልነሳም ይላችኋል፣ ብዙ ሰው ቦርዱ ሞተ ብሎ የሚጥለው በዚህ ነው።

ካርድ ሞጁል ሁለት አይነት አለ እና እዚህ ጋ ቆም በሉ። አንዷ 5 ቮልት እንድትቀበል ሆና የተሰራች፣ ላይዋ ላይ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ) እና አንድ አይሲ ያላት ናት። እቺን ከ3.3 ቮልት ብታበሏት ሬጉሌተሯ አንድ ቮልት ያህል ይበላና ካርዱ ጋ 2.2 ቮልት አካባቢ ብቻ ይደርሳል፣ አንዳንድ ካርድ በዛ ይነሳል፣ ለሰዓት ይሰራል፣ ከዛ መፃፍ ሲበረታበት ይወድቃል። ይሄ ከሁሉም የከፋ ብልሽት ነው ምክንያቱም ቤት ውስጥ ስትፈትሹት አይታይም። ወይ 5 ቮልት ስጧት፣ ወይ ደግሞ ምንም ሬጉሌተር የሌላትን ባዶ የ3.3 ቮልት ሶኬት ግዙ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ካርድ ሲፅፍ ከ100 ሚሊአምፔር በላይ በድንገት ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ አጠገብ፣ አጠገቡ ስል በእውነት አጠገቡ፣ አንድ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና አንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ አስቀምጡ። ማይኩ አጠገብም አንድ 0.1። የካርዱ መስመሮች ላይ በተለይ ሲኤስና ሚሶ ላይ ወደ 3.3 ቮልት የ10 ኪሎኦም ፑልአፕ ቢኖር ጥሩ ነው።

ብረድቦርድ ላይ ለሙከራ ስሩት ግን ለቀረፃ ይዛችሁት አትውጡ። ከደሴ ተነስቶ መኪና ላይ ተንቀጥቅጦ ጀማ ንጉስ ድረስ የሄደ ጃምፐር ዋየር አንዱ ይላላል። በይዱት። ሽቦዎቹንም አሳጥሩ፣ የካርዱ ሽቦ ከ10 ሳንቲሜትር ባይበልጥ እመኛለሁ። በዛ ላይ የኤስፒአይ (ቦርዱና ካርዱ የሚነጋገሩበት መስመር) ፍጥነቱን ዝቅ አርጉት፣ ሰዎች 20 እና 40 ሜጋሄርዝ ላይ ማስኬድ ይወዳሉ ግን ለምን? 4 ሜጋሄርዝ ላይ እንኳን በሰከንድ እስከ 500 ኪሎባይት ያልፋል፣ እኛ 88 ነው የምንፈልገው፣ ዝግ ያለ ክሎክ በደካማ ሽቦ ላይም አይሳሳትም። እኔ 8 ወይ 10 ላይ ጀምሬ ችግር ካየሁ ወደ 4 እወርዳለሁ።

ወደ ኮዱ እንምጣ።

አይቱኤስ በዲኤምኤ ነው የሚሰራው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ሳይነካው ድምፁ ራም ውስጥ ይገባል። 8 ባፈር እያንዳንዱ 512 ሳምፕል (አንድ ሳምፕል የድምፁ አንድ ልኬት ነው) ብላችሁ ብታዘጋጁት 4,096 ሳምፕል ነው፣ ያ 93 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ካርዱ 250 ሊያቆም ይችላል ብለናል፣ ስለዚህ ዲኤምኤው ብቻውን አይበቃም፣ በላዩ ሪንግ ባፈር (መጨረሻው ሲደርስ ወደ መጀመሪያው የሚዞር ባፈር) ያስፈልጋል። ተራው ኢኤስፒ32 ላይ 64 ኪሎባይት ያዙ፣ ሶስት አራተኛ ሰከንድ ይይዛል። ከዛ በላይ በአንድ ቁራጭ ልውሰድ ካላችሁ አንዳንዴ እምቢ ይላችኋል ምክንያቱም ራሙ ውስጥ ተያያዥ የሆነ ባዶ ቦታ ውሱን ነው። እና ቦታውን ቦርዱ ሲነሳ አንዴ ያዙት፣ እየቀዳችሁ እያለ ሜሞሪ መውሰድ መመለስ የሚባል ነገር አይኑር።

ከዛ ሁለት ታስክ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሰሩ ሁለት የኮድ ክፍሎች። አንዱ ማይኩን ያነባል፣ የማይኩ 24 ቢት በ32 ቢት ውስጥ ሆኖ ስለሚመጣ ያን 32 ቢት ወደ 16 ይቀይራል፣ ሪንግ ባፈሩ ውስጥ ይከታል፣ በቃ ሌላ ስራ የለውም፣ ፕራዮሪቲው ከፍ ያለ ይሁን። ሁለተኛው ሪንግ ባፈሩ ውስጥ 8 ኪሎባይት ሲጠራቀም አውጥቶ ካርዱ ላይ ይፅፋል፣ ካርዱ ቢያቆመው ይቁም፣ የመጀመሪያው ታስክ አያውቅም አይነካውምም። በሁለት ኮር ብትለያዩአቸው ይበልጥ ጥሩ። የምትፅፉት መጠን ሁሌ የ512 ብዜት ይሁን ምክንያቱም ካርዱ በ512 ባይት ብሎክ ነው የሚያስበው፣ በትንሽ በትንሹ 100 ባይት 60 ባይት እያላችሁ ከፃፋችሁለት አንድ ብሎክ ደጋግሞ ያነሳል ይጥላል፣ ካርዱንም ትጨርሱታላችሁ።

ከ32 ወደ 16 ስትቀይሩ 16 ቢት ወደ ቀኝ ብትገፉ ትክክለኛው ነው ግን ወግ ስትቀዱ ድምፁ ዝቅ ይላል። 14 ብትገፉ አራት እጥፍ ከፍ ይላል፣ ግን ያኔ ከ16 ቢት የሚያልፈውን ጣሪያው ላይ አቁሙት፣ ዝም ካላችሁት ተገልብጦ ከአወንታዊ ወደ አሉታዊ ይዘላል፣ ያ ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ነው። ድቤ ላለበት 16፣ ለወግ 14። ከፍተኛው ምት ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ቢቆም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሌሊቱ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ሁሌ ከጅምሩ ይበልጣል። የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰከንድ ጣሏት፣ ማይኩ ሲነሳ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው የሚሰጠው።

ዋይፋይና ብሉቱዝ ይጥፉ። ሬዲዮው ሲልክ ከፍተኛ ከረንት በድንገት ይስባል፣ ያ ድምፁ ውስጥ ትር ትር እያለ ይሰማል፣ ባትሪም ይበላል። ሲሪያል ላይ መልእክት ማተምም ቀረፃው ውስጥ አይግባ።

የሚቀጥለው ፋይሉ ነው፣ ብዙ ሰው ችላ የሚለው ግን ግማሹ አስተማማኝነት ያለው እዚህ ነው።

ፋት በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ ፋይል እያደገ ሲሄድ ሲስተሙ ባዶ ክላስተር (የካርዱ ቦታ የሚከፋፈልበት ቁራጭ) ይፈልጋል፣ ሰንጠረዡን ያድሳል፣ ይሄ ሁሉ ተጨማሪ መፃፍ ነው፣ በዛ ላይ የፋይሉ መጠን ካርዱ ላይ የሚመዘገበው ፋይሉ ሲዘጋ ወይ ሲንክ ስታረጉ (ያለውን ካርዱ ላይ አሁኑኑ መዝግብ ስትሉት) ነው። መብራት ወይ ባትሪ መሀል ላይ ቢጠፋ ድምፁ ፍላሹ ላይ አለ ግን ፋይሉ "0 ባይት" ይላል። አምስት ሰዓት ቀድታችሁ ዜሮ ባይት ማየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

መድሀኒቱ ቦታውን አስቀድሞ መያዝ ነው። ኤስዲፋት የሚባለውን ላይብረሪ ተጠቀሙ፣ ፕሪአሎኬት የሚል ትእዛዝ አለው፣ ፋይሉን ከፍታችሁ ይሄን ያህል ባይት በተያያዘ ቦታ ያዝልኝ ትሉታላችሁ። ከዛ በኋላ ሲፃፍ ክላስተር ፍለጋ የለም፣ የፋይሉም መጠን ቀድሞ ተመዝግቧል። ሲያልቅ ትራንኬት በሚለው ትእዛዝ የተረፈውን ጅራት ትቆርጡታላችሁ። መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሙሉ መጠኑን ይዞ ይገኛል፣ እናንተ የቀዳችሁት ከፊት አለ፣ ከኋላ ካርዱ ላይ ከድሮ የቀረ ኮተት ይኖራል፣ እሱን ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ቆርጦ መጣል ነው።

ዋቭ ፋይል መጀመሪያው ላይ 44 ባይት ሄደር አለው፣ ውስጡ የዳታው መጠን ይፃፋል። ብዙ ኮድ መጀመሪያ ዜሮ ይፅፍና ሲጨርስ ያስተካክላል፣ መብራት ከጠፋ ዜሮ ሆኖ ይቀራል ማጫወቻውም አልከፍትም ይላል። እናንተ ግን ቦታውን ቀድማችሁ ስለያዛችሁ ሙሉውን መጠን ከመጀመሪያው ፃፉት፣ በሰላም ሲያልቅ ትክክለኛውን ትተኩታላችሁ። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ 44 የ512 ብዜት ስላልሆነ ድምፁ ሁሉ ከብሎክ ድንበር ዝንፍ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በፎርማቱና በዳታው መሀል ጀንክ የሚባል ባዶ ክፍል አስገቡ፣ 8 ባይት የራሱ ሄደር፣ 460 ባይት ዜሮ፣ ያኔ ጠቅላላ ሄደሩ ልክ 512 ይሆናል፣ ድምፁ ከሁለተኛው ብሎክ ይጀምራል። የዳታው መጠን የሚፃፈው ደግሞ ከዜሮ ሲቆጠር 508ኛው ባይት ላይ ይሆናል ማለት ነው፣ ስታስተካክሉ እንዳትረሱ። ማጫወቻዎች ጀንክን ዘለው ያልፉታል።

ሌሊቱን በአንድ ፋይል አትቅዱ። በየ30 ደቂቃው ቁረጡት፣ አንዱ 159 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፣ በፋት32 አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ የማይችለውም ነገር አያሳስባችሁም። ግን ተጠንቀቁ፣ ቦታ መያዝ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ትልቅ ካርድ ላይ ከባፈራችሁ ሊበልጥ ይችላል፣ ስለዚህ ለሌሊቱ የሚበቃችሁን ፋይሎች ሁሉ ቀረፃ ከመጀመሩ በፊት አዘጋጅታችሁ ጨርሱ፣ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ብቻ ይሆናል። 32 ጊጋ ካርድ 100 ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ቦታ ችግር አይሆንም።

የፋይሉን ስም በቀንና በሰዓት ለመሰየም ዲኤስ3231 የምትባለውን ሰዓት ጨምሩ፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አላት፣ ቦርዱ ቢጠፋም ትቆጥራለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠርም በፈረንጁም ይሁን አንዱን ያዙና አትቀያይሩ፣ አመት ወር ቀን በሚል ቅደም ተከተል ፃፉት፣ ያኔ ፋይሎቹ ራሳቸው በተራ ይደረደራሉ።

ካርዱ መፃፍ እምቢ ካለስ? የመፃፍ ትእዛዙ ስንት ባይት እንደፃፈ ይመልሳል፣ ያን ቁጥር ሁሌ እዩት። ካነሰ ካርዱን እንደገና አስነሱና የሚቀጥለውን ፋይል ክፈቱ፣ ማይኩ እስከዛ ባፈሩን ይሙላ። ኤልኢዲዋንም ዝም ብላ በሰዓት እንድትብለጨለጭ አታርጓት፣ አንድ ፅሁፍ በትክክል ካርዱ ላይ ሲገባ ብቻ ትብራ። ያኔ ሩቅ ተቀምጣችሁ መብራቷን አይታችሁ ትተነፍሳላችሁ፣ ከቆመች ደግሞ ወዲያው ታውቃላችሁ። ሎግ ፋይልም ይኑር፣ ባፈሩ እስከ ስንት ሞልቶ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደፈሰሰ፣ ካርዱ ከፍተኛ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳስጠበቀ በየፋይሉ መጨረሻ ይፃፍ። እኔ አንድን ካርድ የማምነው በማሸጊያው ላይ በተፃፈው ሳይሆን በዚህ ሎግ ነው።

ካርድ ስትገዙ 16 ወይ 32 ጊጋ በቂ ነው፣ ለመኪና ካሜራ የሚሆን ሃይ ኢንዱራንስ የሚባለው ካገኛችሁ ምርጥ። በጣም ረክሶ በጣም ትልቅ የሚል ካርድ ግን ሽሹ፣ 512 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ አለ፣ ያ ካርድ ሲሞላ አያስጠነቅቅም፣ የድሮውን እየደመሰሰ "ፃፍኩ" ይላችኋል። አዲስ ካርድ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ በኤችቱቴስትደብልዩ ወይ ሊኑክስ ከሆነ በኤፍ3 ሙሉውን ፅፋችሁ አንብቡት፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ። ፎርማት የምታደርጉት በዊንዶውስ ሳይሆን የኤስዲ አሶሲየሽን ራሱ በሚያወጣው ፎርማተር ይሁን፣ ክፍፍሉን ካርዱ በሚፈልገው ድንበር ላይ ያስቀምጥለታል። ከእያንዳንዱ ቀረፃ በኋላ ፋይል እየመረጣችሁ አትሰርዙ፣ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሙሉውን ፎርማት አርጉት፣ ካልሆነ ቦታው ይበጣጠስና የተያያዘ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ፈተና። ይሄን ሳታደርጉ የትም እንዳትሄዱ።

የመጀመሪያው ማይኩን ትታችሁ በድምፁ ፋንታ ከዜሮ ጀምሮ የሚቆጥር ቁጥር ባፈሩ ውስጥ አስገቡ፣ በዛው በ44,100 ፍጥነት፣ ሌሊቱን ሙሉ ይስራ። ጠዋት ኮምፒውተር ላይ አንድ ትንሽ ፓይተን ፅፋችሁ ቁጥሩ አንድም ሳይዘል መምጣቱን አረጋግጡ። በጆሮ ብትሰሙት አንድ የጠፋ ቁራጭ ሊያመልጣችሁ ይችላል፣ ከቁጥር ግን አያመልጥም። ሁለተኛው፣ እየቀዳ እያለ ገመዱን ንቀሉት። ደጋግማችሁ፣ በተለያየ ሰዓት። ፋይሉ ካልተከፈተ ኮዱ ላይ ስራ አለባችሁ ማለት ነው። ሶስተኛው ደግሞ ካርዱን ከሞላ ጎደል ሞልታችሁ ሞክሩት፣ ባዶ ካርድ ላይ ሁሉም ነገር ጎበዝ ነው።

ኃይልን በተመለከተ፣ መብራት ላይ ብቻ አትተማመኑ፣ ይሄን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ፓወር ባንክ ይሻላል ግን ብዙ ፓወር ባንክ የሚሳበው ከረንት ትንሽ ከሆነ "ስልኩ ሞልቷል" ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ ስለዚህ የናንተን ቀድማችሁ ቤት ውስጥ ለአንድ ሌሊት ፈትኑት። ካጠፋባችሁ 18650 የሚባለውን ባትሪ ከመከላከያ ቦርዱ ጋር ተጠቀሙ፣ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ በሁለት ረዚስተር አካፍላችሁ ቮልቴጁን አንብቡና 3.4 አካባቢ ሲደርስ ቦርዱ ራሱ ፋይሉን ዘግቶ ይተኛ። ጨርሶ እስኪሞት አትጠብቁት።

ቦታው ላይ። ከሁሉ በፊት አስፈቅዱ። ሼሆቹን፣ ቤተክርስቲያን ከሆነ ካህናቱን፣ ቤት ከሆነ አባወራውንና እማወራዋን፣ ምን እንደምትቀዱና የት እንደሚቀመጥ ንገሩ፣ አይሆንም ከተባለ አይሆንም ነው። ከተፈቀደ ማይኩን ድቤው አጠገብ አታርጉት፣ አውራጁ (መንዙማውን የሚመራው) ጋ ቀረብ አርጉትና ተቀባዮቹ ከኋላ ይግቡ። ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ቢታሰር ሰው አይነካውም፣ የስኒና የረከቦት ድምፅም ይቀንሳል። ክረምት ላይ የቆርቆሮው ዝናብ ድምፅ ከሰው ድምፅ ሊበልጥ ይችላል፣ ለሱ ኮድ የለውም፣ ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ ብቻ ነው። ውጪ ላይ ንፋስ ካለ ፎም ብቻውን አይበቃም፣ ፀጉሩ ረዘም ያለ የአጎዛ ቁራጭ በላዩ ሸፍኑበት፣ በጣም ይሰራል። የደሴ ጉም ደግሞ እርጥበት ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል ጣል አርጉ፣ የማይኳ ቀዳዳ ላይ ግን ምንም አይለጠፍ።

ሲያልቅ ቁልፉን ተጫኑ፣ ፋይሉ መዘጋቱን ኤልኢዲዋ እስክትነግራችሁ ጠብቁ፣ ከዛ ነው ካርዱ የሚወጣው። በማግስቱ ሁለት ቦታ ገልብጡት፣ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን፣ ማን እንዳወረደው፣ የት፣ በየትኛው ቅኝት፣ ማን እንደፈቀደ በፅሁፍ አብሮ ይቀመጥ። ሎጉን ክፈቱ፣ ፈሰሰ የሚለው ዜሮ ከሆነና ባፈሩ ከግማሽ በላይ ሞልቶ የማያውቅ ከሆነ ያ ካርድ ለሚቀጥለው ይሆናል። ከግማሽ ካለፈ ፎርማት አርጋችሁ አንድ ሌሊት በቁጥር ፈተናው ድጋሚ አስኪዱት፣ አሁንም ካለፈ ለሙዚቃ መስሚያ ይሁን፣ ለመቅጃ ሌላ ካርድ ግዙ።